በእናቶቻችን ሽቲ የሚያስቁን



በዚህ ዘመን በእኛ በሳቢያንም ሆነ በመጋላ፣ በገንደ ቆሬም ሆነ በአዲስ ከተማ ሠርግ ላይ የተጋበዘ ሰው አንድ ነገር ሳያይ ወደ ቤቱ አይመለስም። ምሳ ተበልቶ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል ከጓዳ በኩል አንድ ጎረምሳ ብቅ ይላል። የሴት ሽቲ ለብሷል። ደረቱን በጨርቅ፣ ኋላውን በትራስ ሞልቷል። ሻሹን ጠምጥሞ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ ዳሌውን እየወዘወዘ ይገባል። የቲማቲም ዋጋ ይከራከራል፤ ከባሏ ጋር የምትጣላ ሴት ይሆናል፤ ከጎረቤት ጋር ይሰዳደባል፤ መጨረሻ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጭን ላይ ሊቀመጥ ይቃጣል። ዳሱ በሳቅ ይናወጣል። ሠርግ ያልተጠራ ሰውም አይቀርበትም፤ ያንኑ ወይም የዚያን ወንድም የሚሆን ቀልድ ማታ በስልኩ ያገኘዋል። ዐስር ሰግደን የመጣን ሰዎች ልጆቻችንን ጉልበታችን ላይ አስቀምጠን አብረን እናያለን።

በማግስቱ በዚያው ሰፈር አንድ ድምፁ ቀጠን ያለ፣ አረማመዱ ለስለስ ያለ ልጅ ያልፋል። ምንም አልለበሰም፤ ሸሚዝና ሱሪ ነው ያደረገው። ትናንት በዳሱ ውስጥ እጁ እስኪቀላ ያጨበጨበው ሰው ዛሬ «ሴታ ሴት!» ብሎ ይጮህበታል። የሰፈር ልጆችም ድንጋይ ያነሳሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ሽቲ የለበሰውን ሸልሞ ሽቲ ያልለበሰውን በድንጋይ የሚያባርር ሕዝብ ምን ይባላል? በየትኛው መዝሀብ ነው ይህ የተጻፈው?

እኔ የምለው አጭር ነው። ሳቁም ድንጋዩም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ እሱም ሴትን መናቅ ነው። በሠርጋችን ላይ የሚሳቅበት ያ ጎረምሳ አይደለም፤ የሚሳቅባት የሽቲው ባለቤት ናት። በመንገድ ላይ የሚወገረውም ልጅ የሚወገረው እሷን መስሏል ተብሎ ነው። እሷን መምሰል ውርደት የሆነው እሷ ራሷ በዓይናችን የተዋረደች ስለሆነች ካልሆነ ሌላ ምክንያት ካለ ይነገረን።

ይህን ስናገር አንዳንድ የተማሩ ወጣቶች ይቃወሙኛል። «ዑስታዝ፣ አያካብዱት፤ ይህ እኮ ሕዝባዊ ጥበብ ነው፤ በዓለም ሁሉ ያለ ነው» ይሉኛል። አንዱ እንዲያውም በአሜሪካ ድራግ በሚባለው ትርኢት ላይ ልብሳቸውን ከተጣለ ጨርቅና ከላስቲክ ቁራጭ እየሰፉ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያስተምሩ ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ። «ባህልም ነው፣ ለተፈጥሮም አይጎዳም፤ ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ። እኔ የተማርኩት ቁርኣንና ኪታብ፣ ከዚያም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ቢሆንም ጥያቄው ጥያቄ ነውና በንቀት አላልፈውም።

ታሪኩን እንመርምረው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕዝብ ቲያትር ቤት ሴት አትጫወትም ነበር። የንግሥቲቱንም የሙሽራይቱንም የእናቲቱንም ቦታ የሚይዙት ድምፃቸው ገና ያልጎረነነ ልጆች ነበሩ። በጃፓን ካቡኪ የሚባለውን ጨዋታ የጀመረችው ሴት መሆኗ ይተረካል፤ ነገር ግን በ1629 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሴቶችን ከመድረክ ሲከለክል ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ቦታቸውን ያዙ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ጨዋታ ሴት ሆነው የሚቀርቡት ወንዶች ናቸው። ወደ እስልምናው ዓለም ስንመጣ ደግሞ ግብፅን እናገኛለን። በ1834 እ.ኤ.አ. ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ሴት ጨፋሪዎችን ከካይሮ አባረረ። በዚያን ጊዜ ኸወል የሚባሉ፣ ግማሽ የወንድ ግማሽ የሴት ልብስ የሚለብሱ፣ እጃቸውን ሒና የሚቀቡ ወንድ ጨፋሪዎች ነበሩ፤ ሴቶቹ ሲሄዱ በየሠርጉና በየድግሱ የሚጠሩት እነሱ ሆኑ። ኤድዋርድ ሌን የተባለው እንግሊዛዊ ካይሮ ተቀምጦ ያየውን በ1836 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለነሱ ጽፏል፤ የአገሩ ተወላጆችና ሙስሊሞች መሆናቸውንም ገልጿል።

የኸወሎቹ ነገር እንዴት እንዳለቀ ታውቃላችሁ? ዛሬ ካይሮ ውስጥ አንድን ሰው «ኸወል» ብትሉት ጠብ ይነሳል። ያ ስም አፍ የማይደፍረው ስድብ ሆኗል። ያን ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ ቤቱ ያስጨፈራቸው ሕዝብ፣ ልጁ የተዳረበትን ቀን ያደመቁለትን ሰዎች የሥራ ስም ለልጅ ልጆቹ መሰዳደቢያ አድርጎ አወረሳቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የራሳችንም አገር ከዚህ አልራቀም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከዚያም በኋላ ቲያትር ማሳየት ሲጀምር፣ ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ መጫወቷ ነውር ነበርና የሴቷን ቦታ የሚሸፍኑት ወንዶች ነበሩ። ኋላ እንደ ባለ ክራሯ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ስድቡን ችለው መድረክ ላይ ወጡ። እሷ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ስትሞት አገር ሁሉ በክብር አነሳት፤ በወጣትነቷ ግን ማን ምን ይላት እንደነበር መገመት አያቅትም። ሴት መድረክ ላይ ትውጣ አትውጣ የሚለው ሌላ ርዕስ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

የምፈልገው ይህን ነው። በነዚህ ሁሉ አገሮች ወንዱ የሴት ልብስ የለበሰው ሴቷ እንዳትገኝ ስለተደረገ ነው። ከተለዩት ደግሞ ብዙዎቹ፣ በተለይ ጃፓኖቹና እንግሊዞቹ፣ ሴቲቱን አሳምነው ለማቅረብ ይደክሙ ነበር፤ የእናቲቱ ልጅ ሲሞት ተመልካቹ ማልቀስ አለበትና። የእኛው ጎረምሳ ግን ሴት ጠፍታ ነው ወይ ሽቲ የለበሰው? ሴቷማ አለች! ከዳሱ ማዶ ባለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች። ሩዙን የቀቀለችው፣ ሥጋውን የከተፈችው፣ ከሱብሒ ጀምሮ ጭስ ዓይኗን ያጠፋት እሷ ናት። እሷ ያበሰለችውን በልተን ስናበቃ እሷኑ አስመስለን እንስቃለን። ይህ ከየትኛው ጥበብ ጋር ነው የሚወዳደረው?

ደግሞም «ሕዝባዊ» የሚለውን ቃል እንዲሁ አንልቀቀው፤ ሕዝባችን በዚህ ነገር ላይ የራሱ ወግ አለውና። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ቦረና ገዳ ባሳተሙት ጥናት ላይ ደባሌ ስለሚባሉት ሕፃናት ጽፈዋል። እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ያሉ ወንዶች ልጆች ናቸው። ፀጉራቸው እንደ ሴት ልጅ ረዝሞ ያድጋል፣ አጠራራቸውም የሴት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይሳቅባቸዋል ወይ? በፍጹም! አይመቱም፣ አይቆጧቸውም፤ በሰውና በፈጣሪ መካከል ያሉ ቡሩካን ተብለው ይታያሉ፤ ሽማግሌው ምርቃት የሚለምነው ከነሱ ነው። ይህን እንደ ሸሪዓ ማስረጃ አላመጣሁትም፤ የእኛ ሃይማኖት የራሱ ድንጋጌ አለው። ያመጣሁት «የሕዝብ ባህል ነው» ለሚሉኝ ነው። በሕዝቡ ባህል የሴት መልክ የያዘ ወንድ ልጅ ክቡር ነበር እንጂ መሳቂያ አልነበረም።

አንድ ሌላም አለ፤ ከቤት የማውቀው። አክስቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በልጅነቴ በሴቶች ድግስ ላይ፣ ወንድ በሌለበት፣ የባሏን ሽርጥ አሸርጣ ኮፍያውን ደፍታ ቆጥቋጣ ባል ትሆን ነበር አሉ። ሽልንግ ቆጥሮ ሰጥቶ መልሶ የሚቆጥር ባል። ሴቶቹ እየሳቁ ያለቅሱ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ይህንንም አላጸድቀውም፤ ዑለማዎቹ የሚሉትን አውቃለሁ። ልዩነቱን ግን የማያይ ዓይን የለኝም። የታችኛው በላይኛው ላይ፣ በተዘጋ በር ውስጥ፣ አንድ ማታ ሲተነፍስ አንድ ነገር ነው። የላይኛው በታችኛው ላይ፣ በድምፅ ማጉያ፣ እየተቀረጸ ሲያላግጥ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነውና ረጋ ብዬ እናገራለሁ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆን ብለው በሴት የሚመሳሰሉ ወንዶችንና በወንድ የሚመሳሰሉ ሴቶችን መራገማቸውን ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ የማያውቅ የለም። መንገድ ላይ ልጁን የሚወግረውም ሰው በቃሉ ይዞታል። እስቲ ይኸው ሐዲስ መጀመሪያ የሚመለከተው ማንን ነው? ፈልጎ፣ አስቦ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ሽቲ የለበሰውን የሠርግ ቀልደኛ አይደለምን? ኢማሙ ነወዊ፣ በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ታላቅ ዓሊም፣ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ላይ ነገሩን ለይተውታል። በተፈጥሮው ድምፁም አረማመዱም የሴት የሚመስል፣ ሆን ብሎ ያላመጣው ሰው በዚያ ነገር ነቀፌታም ኃጢአትም የለበትም፤ የሚወቀሰው ሌላውን እያስመሰለ የሚያመጣው ነው ብለዋል። እንግዲህ እኛ ምን አደረግን? ኢማሙ ነጻ ያሉትን ወገርን፤ ኢማሙ የወቀሱትን ሸለምን። ሱብሐነላህ!

ሁለተኛ የሂት ታሪክ አለ። ሂት በመዲና የነበረ ሰው ነው፤ ጠባዩ የሴት ስለነበረና ለሴት ፍላጎት የለውም ተብሎ ስለታሰበ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰቦች ዘንድ ይገባ ይወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም አልከለከለውም። ጣኢፍ በተከበበበት ሰሞን ግን የምእመናን እናት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ቤት ተቀምጦ ለወንድሟ የአንዲትን ሴት ገላ፣ ሆዷንና ጀርባዋን፣ ስትመጣና ስትሄድ እንዴት እንደምትታይ ዘርዝሮ ነገረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሙ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሴቶቹ እንዳይገባ አዘዙ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ልብ በሉ! ያስከለከለው ድምፁ አይደለም፤ አረማመዱም አይደለም። የሴትን ገላ ለወንድ ጆሮ ማውጣቱ ነው። በትራስና በጨርቅ የሴት ገላ ሠርቶ ሁለት መቶ ወንድ ፊት የሚወዘውዘው ሰው ከሂት የበለጠ እንጂ ያነሰ አላደረገም።

ሦስተኛው ማስመሰል ራሱ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አንድ ቀን የአንድን ሰው ሁኔታ አስመስላ ብታሳይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንና ያን ያህል ሀብት ቢሰጠኝ እንኳ ሰውን ማስመሰል አልወድም የሚል ትርጉም ያለው ቃል መለሱላት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ኢማሙ ገዛሊም በኢሕያእ ላይ የሰውን አረማመድ ማስመሰል ሐሜት መሆኑን፣ እንዲያውም ከምላስ ሐሜት የከፋ መሆኑን አስተምረዋል፤ ሥዕሉን ዓይን ላይ ያቆማልና። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ማላገጥ ሲከለከል ሴቶች ለብቻቸው ተለይተው መጠቀሳቸው፣ በመጥፎ ቅጽል መጠራራትም እዚያው መከልከሉ የተለመደ ንባብ ስለሆነብን ነው መሰለኝ አናስተውለውም።

«ታዲያ መሳቅ ሐራም ነው?» አትበሉኝ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይቀልዱ ነበር፤ ግን ሲቀልዱም እውነት እንጂ አይናገሩም ነበር። አሮጊቷም ሕፃኑም በቀልዳቸው ተደስተው ይሄዱ ነበር። የቀልድ መለኪያው የተቀለደበት ሰው ሲስቅ ነው። የሳቢያን እናቶች ያን ቀልድ ሲያዩ ፊታቸውን ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ይስቃሉ፤ አዎ። ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ስበው ነው የሚስቁት።

ስለ ልብሱ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የድሬ ወንድ ቤቱ ሲገባ ሽርጥ ያሸርጣል። ሙቀቱ ነው፣ ልማዱም ነው፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ከደጋ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሲያይ «ቀሚስ ለበሰ» ብሎ ይስቃል። እኛ ደግሞ በሱ ሳቅ እንስቃለን። ለዚህ ነው ዑለማዎቹ በልብስ መመሳሰል የሚታየው በየአገሩ ልማድ ነው ያሉት። ጉዳዩ ጨርቁ አይደለም፤ በጨርቁ የሚታሰበው ነው።

ከዚህ ላይ የዚያን ወጣት «ለአካባቢ ይጠቅማል» የሚለውን መልስ እሰጣለሁ። ከተጣለ ጨርቅ መስፋት መልካም ነው። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቦንዳ የሚባለው የፈረንጅ ልባሽ በድሬ ገበያ ስንቱን አልብሷል። እናቶቻችን ያረጀ ሽቲ ቀደው የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያ መወልወያ፣ ከዚያ የማሰሮ መያዣ ያደርጉታል፤ ይህን የሚያስተምራቸው ትርኢት አላስፈለጋቸውም። ግን በአሮጌ ጨርቅ የተሠራ ስድብ ስድብነቱ አይቀርም። ከአሜሪካዎቹ ጋርም ቢሆን አንድ ልዩነት አለ። እነዚያ፣ በሥራቸው ላይ ሸሪዓው ያለው የታወቀ ሆኖ፣ ልብሱን ሲለብሱ «ይህ እኔ ነኝ» እያሉ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት በራሳቸው ስም ነው። የእኛው ግን ሲለብሰው «ይህቺ እሷ ናት፤ ሳቁባት» እያለ ነው፤ ሲያወልቀው ወንድነቱን መልሶ ይለብሳል፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ይከፍልለታል።

ማን እንደሚከፍልለት ልንገራችሁ።

ቁርኣን ያስቀራሁት አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የነበረበትንም ትምህርት ቤት አልጠራም። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ለቂርኣት የተፈጠረ ድምፅ፤ ሱረቱ መርየምን ሲቀራ ከውጭ የሚያልፍ ሰው ይቆም ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለ በዓመቱ መጨረሻ በዓል ላይ ድራማ ተዘጋጀ። ሴት ተማሪዎች በክፍሉ ሞልተዋል። የነገረኛዋን እናት ቦታ የሚጫወት ሲፈለግ ግን አስተማሪው እሱን መረጠ። «ድምፅህ ይሆናል» አለው። ልጁ እምቢ ማለት አልቻለም፤ አስተማሪ ነውና። ሽቲ ከቤት አምጣ ተባለ። እናቱ የልጇን ድራማ ለማየት ትጓጓ ስለነበር ያላትን ደህናውን ሽቲ አጥባ፣ ተኩሳ ሰጠችው።

ይህቺ ሴት ማን ናት? አሮጌው የምድር ባቡር ሥራ ሳያቆም በደወሌ መስመር እየተመላለሰች ሩዝና ዘይት፣ ወተትና ጨርቅ እያመጣች ልጆች ያሳደገች ናት። ፈታሽ ሲመጣ ዕቃዋን በሆዷ ላይ ጠምጥማ የተቀመጠች፣ ተወርሶባት ባዶ እጇን የተመለሰች፣ በማግስቱ ተበድራ እንደገና የሄደች። ድሬዳዋ በእንደነዚህ ዓይነት ሴቶች ስንት ዓመት እንደበላች የድሬ ልጅ ያውቃል። በታይዋን ገበያ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የሚሰማውም ለዚህ ነው፤ በባቡር ጩኸት ውስጥ የተማረ ድምፅ ዝግ አይልም። ያ ከፍ ያለ ድምፅ፣ ያ ክርክር፣ ያ ሆድ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ነው እንግዲህ የቀልደኞቻችን ዋና መሣቂያ።

ልጁ በእናቱ ሽቲ ውስጥ ጨርቅ ተሞልቶበት መድረክ ላይ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እናቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ከጎኗ የተቀመጡት ሰዎች የማን ሽቲ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ ስም ቀረ። «እሜቴ» ሆነ። በትምህርት ቤት እሜቴ፣ በሱቁ በር እሜቴ፣ በባጃጅ ማቆሚያው እሜቴ። መስጊድ ግቢ ውስጥ ውዱእ ሲያደርግ አንዱ ከኋላ በቀጭን ድምፅ «እሜቴ፣ ውሃውን አይጨርሱት» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያን ጎረምሳ እዚያው በሰው ፊት ያልኩትን ብያለሁ። አንድ ሰው ዝም ማሰኘት ግን ሰፈር ዝም ማሰኘት አይደለም። የኸወሎቹን ታሪክ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ከፍለን እናስጫውታለን፣ ከዚያ የጨዋታውን ስም ስድብ አድርገን በሰው ግንባር ላይ እንለጥፋለን። ልጁ መጀመሪያ ጁሙዓ ቀረ። ከዚያ ቂርኣቱን ተወ። ዘጠነኛ ክፍልን ሳይጨርስ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሄደ። እናቱን በገበያ አገኛታለሁ። ያን ሽቲ ከዚያ ወዲህ ለብሳው አታውቅም፤ ቀዳም መወልወያ አላደረገችውም። ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

አስተማሪው ዛሬም ድራማ ያዘጋጃል። ማንም አልጠየቀውም፤ ቀልድ ነበራ!

አሁን ደግሞ ነገሩ ከስም ማውጣት አልፏል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ የሰዎችን ፎቶና ስም እየለጠፉ እንዲህ ናቸውና ደብድቧቸው የሚሉ ፊልሞች በአገራችን መዞራቸው የሚታወስ ነው። ከነዚያ አንዳንዶቹን በሙስሊም ወጣቶች ስልክ ላይ አይቻለሁ። «ለዲን ብለን ነው» ይላሉ። የትኛው ዲን? ክስ ያለ ምስክር፣ ፍርድ ያለ ቃዲ፣ ቅጣት በመንገድ ላይ፣ ይህ የማን ሸሪዓ ነው? አቡ ዳውድ በዘገቡት፣ ዑለማዎች በሰነዱ ላይ በተነጋገሩበት አንድ ሐዲስ ውስጥ እጅና እግሩን ሒና የተቀባ፣ በሴት የተመሳሰለ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርቦ ከመዲና ወደ ነቂዕ እንዲሄድ ተደረገ። ሶሓቦቹ እንግደለው ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ የሚሰግዱ ሰዎችን ከመግደል ተከልክያለሁ ብለው መለሱ። ያ ሰው ሰጋጅ ነበር፤ ሶላቱ ጠበቀው። የእኛስ ልጅ ቁርኣን ይቀራ አልነበረም እንዴ?

ስልኩን በተመለከተ ለወላጆች የምለው አለኝ። ያንን ቀልድ ለልጃችሁ ስታሳዩ ልጁ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይማራል። አንደኛ የእናቱ አነጋገር የሚሳቅበት መሆኑን፣ ሁለተኛ እሷን የመሰለ ወንድ ሁሉ የሚደበደብ መሆኑን። ይህን ተምሮ አድጎ ሚስቱን ሲንቅ፣ እህቱን ሲያዋርድ «ከየት አመጣው?» አንበል።

ሸዋል ሲገባ በሳቢያን ብዙ ሠርግ አለ። ሽማግሌ ሆናችሁ ለምትቀመጡ፣ ለምትደግሱም ቤተሰቦች የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ቀልደኛው ሲመጣ ሽቲውን ከእጁ ተቀበሉትና በራሱ ልብስ፣ በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ስም እንዲያስቅ ንገሩት። በኦሮምኛም በሶማልኛም በሐረሪም በአማርኛም ግጥም የሚገጥም፣ ተረብ የሚያውቅ፣ የራሱን ስንፍና ተናግሮ ሰው የሚያስቅ በድሬ ሞልቷል። ቀልደኛው በራሱ ማሳቅ ካልቻለ ቀልድ አያውቅም ማለት ነውና ገንዘባችሁን አታባክኑ። ለመምህራንም፣ በክፍላችሁ ውስጥ ሠላሳ ሴት ተማሪዎች ተቀምጠው የእናት ቦታ ለአንድ ድምፁ ቀጭን ወንድ ልጅ አትስጡ። ሽቲ ከቤት አምጡም አትበሉ።

ያ ልጅ ባለፈው ረመዳን ሁለት ቀን መጥቶ ነበር። ተራዊሕ ላይ ከኋለኛው ሶፍ ቆሞ አየሁት። ድምፁ አሁን ጎርንኗል።